የማያለቅሰው ልጅ

ሰው ሁሉ እስከዳርን «ታደልሽ» ይላት ነበር። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው የሰጠሽ! ቤት ውስጥ ሕፃን ያለም አይመስልም» ይላሉ ለጥየቃ የሚመጡት። እሷም «ተመስገን» ብላ ትሸኛቸዋለች። በሩ ሲዘጋ ግን ወደ አልጋው ተመልሳ የእጇን ጀርባ ከልጁ አፍንጫ ስር ታስጠጋለች። ይተነፍሳል። ትቀመጣለች። ወዲያው ደግሞ ትነሳና እግሩን ትዳስሳለች፤ ካልሲ ደርባለት እንኳ ይቀዘቅዛል። ካልሲውን ታወልቃለች፣ በመዳፏ ታሻሸዋለች፣ መልሳ ታለብሰዋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ አይነቃም።

ጓዴ ይባላል። ስሙን ያወጡለት የባሏ እናት ወይዘሮ ባንቺዓለም ናቸው። ሲወለድ ዓይኑም ቆዳውም ቢጫ ነበር፤ ፀሐይ ሲያሞቁት ሰነበቱና ከሌሎች ሕፃናት ዘግይቶ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ሕመም የሚባል አልነካውም፤ ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ፣ ተቅማጥ የለ። እንዲያውም ሆዱ ስለሚደርቅ ሳይወጣለት ቀናት ይቆጠራሉ። እምብርቱ እንደ ትንሽ ሎሚ ወጣ ብሏል። ለጡት የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፤ ጥቂት ስቦ አፉ ውስጥ እንደያዘው እንቅልፍ ይወስደዋል። አልፎ አልፎ ሲያለቅስም ድምፁ ጎርነን ብሎ ይወጣና ሳይጨርሰው ይተወዋል።

የመጀመሪያ ልጇ ቢሆንም እስከዳር ሕፃናትን ታውቃለች። ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት አላት፤ ሳታገባ ጀምራ የያዘችው ሥራ ነው። የመታወቂያ ጉርድ ታነሳለች፣ ምርቃት ታነሳለች፣ ሠርግ ታነሳለች፤ ከሁሉም የሚበዛው ግን ክርስትና ነው። ሕፃን ማንሳት ትዕግሥት ይፈልጋል። ጣቷን ታጮሃለች፣ ታፏጫለች፣ ቁልፎቿን ከካሜራው በላይ ታንቀጫቅጫለች። እንዲህ እያለች፣ ማንም ሳያስተምራት፣ የሕፃናትን ዓይን ለምዳለች። በክርስትናቸው ሰሞን የሚመጡት ዓይናቸው ሰው ፊት ላይ ማረፍ ይጀምራል። ትንሽ ቆይተው የሚመጡት ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ወደ ድምፁ ይዞራሉ፤ እናታቸው ስታናግራቸው ድዳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ሦስት ወር የሞላቸውን ደግሞ በሆዳቸው ታስተኛቸውና ጭንቅላታቸውን ብድግ አድርገው ሌንሱ ላይ ሲያፈጡ ጠብቃ ታነሳቸዋለች።

ጓዴ ሦስት ወር ሞልቶታል። ቁልፎቹን ይዛ ከፊቱ ቆማለች፤ አንቀጫቅጫለች፤ አፏጭታለች። ዓይኑ ተከፍቶ ጣሪያውን ያያል። በሆዱ ስታስተኛው ፊቱ ፍራሹ ውስጥ ይሰጥማል፤ እንዳይታፈን ፈጥና ታነሳዋለች።

በዚያው ግቢ የምትኖር ዘይዳ የምትባል ጎረቤት አለቻት። ዘይዳ የሞጣ ልጅ ናት፤ ባሏ ሰይድ ቢቸና ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ስለከፈተ ነው የመጣችው። እሷና እስከዳር በአንድ ሰሞን ነው የወለዱት። የዘይዳ ልጅ ሀኒያ ሲርባት ግቢው ይናጋል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እስከዳር ሁሉንም ትሰማለች፤ ሲርባት የምታለቅሰውን፣ ስትናደድ የምታለቅሰውን፣ ብቻዋን ሆና «አጉ፣ አጉ» የምትለውን። ዘይዳ «ይቅርታ፣ አስቸገርናችሁ» ባለቻት ቁጥር እስከዳር ዞራ የጓዴን አልጋ ታያለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለቱን ልጆች ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ሀኒያ እግሯን ታወራጫለች፤ የራሷን እጅ አገኘችና እንደ ትልቅ ነገር ታገላብጠው ጀመር። ከዚያ የጓዴን እጅጌ ያዘች። ጓዴ እጁን አልሳበም፤ ወደ እሷም አላየም። ዘይዳ አየች፤ ዓይኗን ሰበር አደረገች።

«ዘይዳ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች እስከዳር።

«ምን ልንገርሽ? ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም እኮ። የእህቴ ልጅ…»

«ስለ እህትሽ ልጅ አልጠየቅኩሽም።»

ዘይዳ ልጇን አንስታ ታቀፈች። «ወላሂ አላውቅም፣ እስከዳር። ግን ሳየው እኔም እፈራለሁ። ሀኒያ ስታየኝ ታውቀኛለች። እሱ… የሚያየኝ አይመስለኝም።»

እስከዳር ለሳምንታት በልቧ ስታመላልሰው የነበረ ነገር ከሰው አፍ ሲወጣ ሰማች። አለቀሰች፤ ግን ደግሞ ትንሽ ቀለል አላት። እንዳላበደች አወቀች።

«ሞጣ አንድ የሕፃናት ሐኪም አለ» አለች ዘይዳ። «የወንድሜን ልጅ ያዳነልን እሱ ነው። እናቴ ጋ ታርፋላችሁ። ዛሬውኑ እደውልላታለሁ።»

ማታ ለባሏ ነገረችው። ዓለምነህ የሒሳብ መምህር ነው፤ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ነበር።

«አሁን መንገዱ እንዲህ ሆኖ ሕፃን ይዘሽ ሞጣ ልትሄጂ?» አላት። «ለክትባት ስትወስጂው ክብደቱ ጥሩ ነው ብለውሽ የለ?»

«ክብደቱ ጥሩ ነው። እኔ የምልህ አያየኝም ነው።»

«ያይሻል እንጂ።» ተነሥቶ ጣቱን ከልጁ ዓይን ፊት ወዲያና ወዲህ አደረገ። የጓዴ ዓይን ጣቱን ጥቂት ተከተለና መንገድ ላይ ቀረ። «አየሽ?»

«አየሁ» አለች። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነበር፤ የተረዱት ግን ለየቅል።

ወይዘሮ ባንቺዓለም ከጥግ ሆነው፣ «ተይው ልጁን፣ አታስጨንቂው። ጨዋ ስለሆነ ነው» አሉ። ይህን ቃል ልጁ ከተወለደ ጀምሮ በየቀኑ ይሉታል። እስከዳር አማቷን ታከብራለች፤ የዚያን ምሽት ግን ጥርሷን ነክሳ ወጣችና ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትል ጀመር።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄዳ ጠየቀች። በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ዝግ ነው አሏት። በሚቀጥለውም ቀን ዝግ ነው። ፎቶ ቤቷ መናኸሪያው አጠገብ በመሆኑ ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ ልጇን አዝላ ብቅ ትላለች፤ ሾፌሮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቤት ስትገባ የታጠበ ልብስ መልሳ ታጥባለች። የተቀመጠ ዕቃ ቦታ ትቀይራለች። ስልኳ ላይ የጓዴን ፎቶዎች ከፍታ የመጀመሪያውን ሳምንትና የዛሬውን ታነጻጽራለች፤ ፊቱ አብጧል፣ ምላሱ ከከንፈሩ አልፎ ይታያል፣ ዓይኑ ያው ነው። የምትጠብቀው እያንዳንዱ ቀን ከልጇ ላይ የሚወሰድ እየመሰላት መቀመጥ አልቻለችም።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት ዓለምነህ ትምህርት ቤት ነበር። ደወለችለት። «እየሄድኩ ነው» አለችው፤ መልሱን ሳትጠብቅ አንቀልባዋን አጠበቀች። በር ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ? ምንም የለበትም አላሉም?»

«እሄዳለሁ አልኩሽ።»

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞላ። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው አወረዱ፣ ሌላ ሰው ጫኑ። ከዚያ ወዲያ በየኬላው እያስቆሟቸው ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል፣ ይፈተሻል፣ ይሳፈራል። በወረደች ቁጥር እስከዳር የልጁን ፊት ገልጣ ታያለች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት፣ «እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው፤ ይህን ሁሉ መንገድ ድምፁን ሳያሰማ!» አለች። እስከዳር እጇን ወደ ልጁ እግር ሰደደች። ወይዘሮ ባንቺዓለምም እንደ ወትሮው «ጨዋ ስለሆነ ነው» አላሉም፤ እስከዳር ግን በዚያ ሰዓት ልብ አላለችውም።

ሞጣ ውስጥ የነበረው ሐኪም ዶክተር ሙጀሂድ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፣ ገና ወጣት። ልጁን አልጋው ላይ አስተኝቶ ልብሱን አስወለቀው። ሁለት እጁን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲስበው የጓዴ ጭንቅላት ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። አናቱ ላይ ያለውን ርግብግቢት ዳሰሰ፤ ምላሱን አየ፤ እምብርቱን ተጫነ፤ እግሩን በመዳፉ ያዘና ትንሽ ቆየ።

«ይስቃል?»

«ስቆ አያውቅም» አለች እስከዳር።

«ሲያለቅስ ድምፁ እንዴት ነው?»

ስልኳን አውጥታ ቀርጻ ያስቀመጠችውን አሰማችው። ጎርናናው ድምፅ ወጣና ቆመ። ዶክተሩ ደግሞ እንድታሰማው ጠየቃት።

«በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ነበር? ዘግይቶ የሄደ፣ ወይም መናገር ያቃተው?»

«የለም» አለች እስከዳር።

«አለ» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም።

እስከዳር ዞራ አየቻቸው። አሮጊቷ ወደ ሐኪሙ እንጂ ወደ እሷ አላዩም።

«የበኩር ልጄ ነበር። ሽታሁን ይባላል። እንደዚሁ ዝም ያለ፣ እንደዚሁ እግሩ የሚቀዘቅዝ። እኔም ያኔ ታደልኩ ብዬ ነበር፤ እሱ ይተኛል፣ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። እኩዮቹ ሲሄዱ እሱ ተቀምጦ ቀረ። እኩዮቹ ሲያወሩ እሱ ዝም አለ። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሳንባ ምች ወሰደው። የዚህ ልጅ አባት ያኔ አልተወለደም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለች እስከዳር። «ይህን ሁሉ ጊዜ ጨዋ ነው፣ ጨዋ ነው ሲሉኝ…»

«ስሙን ከጠራሁት እዚህ ልጅ ላይ የሚመጣ መሰለኝ፣ ልጄ። ጨዋ ነው ያልኩት ጨዋ ብቻ እንዲሆን እየለመንኩ ነበር።»

ዶክተር ሙጀሂድ ወንበር ሳበና ሁለቱንም አስቀመጣቸው። «እማማ፣ ያሉኝ ነገር ረድቶኛል» አለ። ከዚያ የራሱን አንገት በጣቱ እየነካ አስረዳቸው። «እንቅርት የሚወጣበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። ታይሮይድ ትባላለች። ሰውነትን የምታሞቀው፣ የምታነቃው እሷ ናት። ለሕፃን ከዚያም ይበልጣል፤ ማየቱን ወደ ማወቅ፣ መስማቱን ወደ መዞር የሚያሳድገው አንጎል ያለ እሷ ሥራ በደንብ አያድግም። የዚህ ልጅ ዕጢ የማትሠራ ይመስለኛል። እርግጠኛ ለመሆን ደም ወደ ባሕር ዳር እንልካለን።»

«መድኃኒት አለው?»

«አለው። በየቀኑ የሚወሰድ ትንሽ ክኒን ነው። ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ።»

«ዘግይተናል?»

«በተወለደ ሰሞን ቢሆን ይሻል ነበር» አለ ዶክተሩ። «ግን በዓመቱ፣ በሁለት ዓመቱ የሚመጡም አሉ። እርስዎ ቀድመው ነው ያመጡት። ያለፈውን መመለስ አልችልም፤ ከእንግዲህ ያለውን ግን እንይዘዋለን።»

ውጤቱ እስኪመጣ የዘይዳ እናት ቤት ሰነበቱ። ቤቱ ገበያው አጠገብ ነው። የዘይዳ እናት ሲያዩዋት «ተቀመጪ፣ ልጄ፤ ብዪ፣ ወተትሽ ይደርቃል» ይሏታል። ትቀመጥና አንድ ጉርሻ ጎርሳ ትነሳለች። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ስለዚህ ክሊኒኩ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። «ገና ነው» ይሏታል። ተመልሳ ትመጣለች። ከአማቷ ጋር ብዙም አትነጋገርም ነበር። ተቆጥታለች፤ ለምን እንደተቆጣች ግን ስታስበው ቁጣው እጇ ላይ ይበተንባታል። እሷም ፈርታ ከአንድ ወር በላይ ለማንም ሳትናገር ቆይታ የለም እንዴ?

ዓለምነህ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። አቧራ ለብሷል። ሚስቱን ሰላም ብሎ ልጁን አቀፈና ከእናቱ ፊት ተቀመጠ።

«ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ። በትኩሳት ሞተ ብለሽ ነበር።»

«በትኩሳት ነው የሞተ።»

«እንዴት እንደኖረስ?»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዓለምነህም አልደገመም። ልጁን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ወደ እስከዳር ዞረ። «አያየኝም ስትይኝ መስማት ነበረብኝ» አላት። እሷም «አዎ» አለችው።

ውጤቱ ዶክተሩ እንዳለው ሆኖ መጣ። ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት አገኙ። በየጠዋቱ፣ ጡት ሳይጠባ፣ እስከዳር ክኒኗን በሁለት ማንኪያ መሀል ትፈጫታለች፤ ከጡቷ ጥቂት አልባ ትበጠብጣትና በልጁ ጉንጭ በኩል ታፈስለታለች። ወደ ቢቸና ሲመለሱ ተአምር ጠብቃ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የለም። እሷ ግን እግሩን መዳሰሷን አልተወችም፤ ጠዋት ትዳስሳለች፣ ቀን ትዳስሳለች። አንድ ቀን ካልሲውን ስታወልቅ እግሩ ሞቆ አገኘችው። ራሷን አላመነችም፤ ዘይዳን ጠርታ አስዳሰሰቻት። ከዚያ ሆዱ ለሰለሰ። ከዚያ ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቅቶ ጡት ፈለገ።

ፎቶ ቤቷን ከፍታ ልጇን ከመጋረጃው ኋላ ፍራሽ ላይ እያስተኛች መሥራት ጀመረች። አንድ የገበያ ቀን ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ለመታወቂያ ሊነሱ ተቀመጡ። ብርሃኑ ቦግ ሲል ከመጋረጃው ኋላ ጩኸት ተሰማ። ጎርናና አይደለም፤ ያልተቋረጠ፣ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ የተቆጣ ልቅሶ ነው። እስከዳር ካሜራውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«አስደነገጥነው መሰለኝ፤ ሂጂ አንሺው እንጂ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«ትንሽ ይጩኽ፣ አባባ» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ከወንበሩ ተነሱ። እሷም ሮጣ አነሳችው። ፊቱ ቀልቷል፣ እጁ ተጨብጧል፣ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ቀጥ ብሎ እሷን ያያል። የዚያን ቀን የሽማግሌው ፎቶ ተበላሽቶ ነገ ይምጡ ተባሉ።

ከዚያ ወዲያ ጓዴ የሚያለቅስ ልጅ ሆነ። የግቢው አከራይ «ይሄ ልጅ ምን ነካው? ጨዋ አልነበረም?» እስኪሉ ድረስ አለቀሰ። ዓለምነህ እንቅልፍ እያጣ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ፊት ያዛጋ ነበር። የመጀመሪያ ሳቁን ግን ከአያቱ በቀር ማንም አላየውም፤ ወይዘሮ ባንቺዓለም ፊቱን ሲያጥቡት ነው የሳቀው፤ «ኑ! ኑ!» ብለው ሲጮሁ ሁሉም ሮጡ። ሲደርሱ ሳቁን ጨርሷል። ተራ በተራ እየተንበረከኩ ሲያጫውቱት ቆዩ፤ በመጨረሻ ለሀኒያ ሳቀላት።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ሀኒያ ስትቀመጥ ጓዴ ገና ጭንቅላቱን ማቆም እየተማረ ነው። እሷ ስትድህ እሱ ከጀርባው ወደ ሆዱ ተገላበጠ፤ ተገላብጦም መመለስ አቅቶት በንዴት ጮኸ። እስከዳር እንደ በፊቱ ቁጭ ብድግ ማለቷን አልተወችም። ዘይዳ ልጇ አዲስ ነገር በሠራች ቁጥር ለመደበቅ ስትሞክር እስከዳር አየቻት፤ «አሳዪኝ እንጂ፤ ነገ የእኔም ያደርገዋል» አለቻት። ነገ አላደረገውም። ከወር በኋላ አደረገው።

የክኒኑን መጠን ለማስተካከል እንደገና ሞጣ ሲሄዱ ዓለምነህም አብሮ ሄደ። ዶክተር ሙጀሂድ የልጁን እጅ ይዞ ሳበው፤ ጭንቅላቱ ተከትሎ መጣ።

«ትምህርት ይገባዋል?» አለ ዓለምነህ። ከቤት ጀምሮ ሲያመላልሰው የነበረ ጥያቄ ነው።

«አሁን ልነግርህ አልችልም» አለው ዶክተሩ። «ምናልባት ቀስ ይል ይሆናል፤ ምናልባት ምንም ላይታወቅበት ይችላል። መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳታቋርጡ። አጫውቱት፣ አናግሩት፣ መሬት ላይ ልቀቁት። የቀረውን አብረን እናያለን።»

ስንመለስ ይመሻል ብለው ቶሎ ተሳፈሩ። ዓለምነህ ከፊት ወንበር አገኘ፤ ሴቶቹ ከኋላው ተቀመጡ። ጓዴ አያቱ ጭን ላይ ይፈራገጣል፤ ነጠላቸውን ይጎትታል፤ መስኮቱን በእጁ ይደበድባል። አንድም ተሳፋሪ አላስተኛም። እስከዳር ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ ወይዘሮ ባንቺዓለም እምቢ አሉ።

«ሽታሁን ውሃ ሲቀዳ ይወድ ነበር» አሉ በድንገት።

እስከዳር እጇን ሰበሰበች። ዓለምነህ ከፊት ሆኖ አንገቱን አዞረ።

«ከእንስራ ወደ ጣሳ ሳንቆረቁር ድምፁን ይሰማና ይመጣል፤ በእንብርክኩ ነው የሚመጣው። ጣሳውን ይይዝልኛል። አንድ ቀን እንኳ አላፈሰሰብኝም።»

«ሌላስ ምን ይወድ ነበር?» አለ ዓለምነህ።

«ፀሐይ። ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ። የጎረቤት ውሻ ነበረች፤ እሷም ትመጣና አጠገቡ ትተኛለች።» ጓዴ አገጫቸውን ያዘ፤ ጣቱን ከአገጫቸው አስለቅቀው ቀጠሉ። ግንደወይን እስኪደርሱ ስለ ሽታሁን አወሩ።